ሰው አለው ይሉታል

በመንግሥት ሆስፒታሉ ዋና በር ላይ የሚቆመውን ዘበኛ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ «ነገኑ» ይለው ነበር። ስሙን ያገኙት ከገዛ አፉ ነው። ካርድ አልቋል፣ ነገ ኑ። ሐኪሙ ስብሰባ ገብቷል፣ ነገ ኑ። የራጅ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ... እዚህ ላይ ራሱም ያፍርና «እስቲ በሚቀጥለው ሳምንት ሞክሩ» ይላል።

ቃሉ የእሱ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ ዛሬ የሌለው ምን እንደሆነ ትነግረዋለች፤ እሱም ተቀብሎ ለቆመው ሰው ያደርሳል። ሕዝቡ ግን ዳይሬክተሩን አያይም። መድኃኒት የሚገዛውን ክፍል፣ ለማሽኑ መለዋወጫ ያላመጣውን ሰው አያይም። የሚያየው ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ፈገግታ ያልፈጠረበት አንድ ሰውዬ ነው። ስለዚህ ስድቡም እርግማኑም እሱ ላይ ያርፋል።

«መድኃኒቱን በጓሮ የምትሸጡት እናንተ ናችሁ!» ትለዋለች አንዷ።

«እኔ እኮ ዘበኛ ነኝ፣ እናቴ።»

«ዘበኛስ ብትሆን! ከላይ እስከ ታች አንድ ናችሁ።»

ማታ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ሚስቱ ፊቱን አይታ «ዛሬ ደግሞ ምን አሉህ?» ስትለው «የተለመደውን» ብሎ እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል።

ሰፈሩ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበር። እዚያ ጋሼ ነው። ትልቁም ትንሹም ከመቀመጫው ብድግ ይልለታል። ይህ ክብር የመጣው በፀጉር አስተካካዩ ልጅ ምክንያት ነው። ልጅቱ ከደረጃ ወድቃ ጭንቅላቷ ተፈንክቶ አባቷ ታቅፏት እየሮጠ ሲመጣ ዘበኛው በሩን ከፍቶ እስከ ድንገተኛ ክፍል አብሮ ሮጠ። ወዲያው ተሰፋች፣ ዳነች። ደሙ የሚንዠቀዠቅ ሕፃን ደግሞ ማንም ቢያመጣው ወረፋ አይጠብቅም፤ ዘበኛው ባይኖርም ያው ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግን ምላጭ ይዞ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነውና፣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሁሉ አወራው። «ጋሼ ባይኖር ልጄ አልቆላት ነበር። እዚያ ውስጥ ሰው አለው!»

ሰው አለው። በዚያ ሰፈር ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም። መንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ሰው ያለው ይድናል፣ ሰው የሌለው ሬሳው ይወጣል፤ በዚህ የማይምል ጎረቤት አልነበረም። አንድ ሰው ሲታመም «ምኑን ነው ያመመው?» ከማለት በፊት «እዚያ ማን አላችሁ?» ይባላል። ዘበኛው መጀመሪያ ላይ «ኧረ እኔ ማንም የለኝም፣ በር ነው የምጠብቀው» እያለ ለማስረዳት ሞክሮ ነበር። ሰዎቹ ትሕትና መስሏቸው ይስቃሉ። ውሎ አድሮ ማስተባበሉን ተወው። ቀኑን ሙሉ ሲሰደብ የዋለ ሰው፣ ማታ ሲያከብሩት «አይገባኝም» ብሎ መልሶ ለመስጠት አንጀቱ አይችልም።

ከሁሉ በላይ በእሱ የምትኮራው ታላቅ እህቱ ነበረች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱ አልተነቀለም፤ እሷ ትምህርቷን ጥላ በእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ፊት ተቀመጠች። የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገችው፣ ዳረችው፣ ለሥራው ሲወዳደር የለበሰውን ኮት እንኳ የሰፋችለት እሷ ናት። «እታለም» ይላታል፤ እሷም ካገባ በኋላ እንኳ «ልጄ በላህ?» ትለዋለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሆዱ ገራገር፣ አፉ እሳት። አንዲት ሴት ልጅ አላቸው፤ በቅርቡ አግብታ ከእነሱ ቤት ሁለት በር አልፋ ትኖራለች።

እህቱ መድማት የጀመራት ማንም ሳያውቅ ነው። የሴት ነገር ነው ብላ ደበቀችው። የስፌት መኪናዋን ፔዳል እየረገጠች መሃል ላይ ታቆምና እጇን ሆዷ ላይ ታደርጋለች፤ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ትደርባለች። ልጇ ይህን ስታይ ጊዜ ወጥራ ያዘቻት።

«እማዬ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«ጤና ጣቢያ? እዚያ እኮ ሁሉም በሽታ አንድ ክኒን ነው። ራስሽን ብትይ ያው ነው፣ እግርሽን ብትይ ያው ነው። ካርድ አውጪ፣ ተገፈተሪ፣ ደግሞ ነርሷ ትቆጣሻለች።»

«ታዲያ ሆስፒታሉ አለ አይደል?»

«እሱማ ወንድሜ አለልኝ። ሲብስብኝ እነግረዋለሁ፣ ያስገባኛል። አሁን ለትንሹም ለትልቁም እያስቸገርኩት ሰው ፊት ላሳፍረው?»

እንዲህ እያለች ከረመች። ወንድም እንዳላት እያሰበች፣ ሊያስገባት እንደሚችል እያሰበች፣ ያንን ችሎታውን ለክፉ ቀን እየቆጠበች ከረመች። አንድ እሑድ እሱ ሊጠይቃት ሲመጣ ከወንበር ተነሥታ ልትስመው ስትል ግድግዳ ያዘች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«እታለም! ምን ሆነሽ ነው?»

ነገረችው። ያን ቀን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጅ አቀርቅራ ሰማችው።

በነጋታው ባሏ ይዟት መጣ። ሹፌሩ የወረፋውን ርዝመት አይቶ ሳቀ፤ ሰልፉን አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ መጣና «ወንድምዬ፣ ይኸው አመጣኋት» አለው።

«ካርድ አውጡላት። ወረፋ ያዙ» አለ ዘበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወረፋ? አንተ እያለህ?»

«እኔ ብኖርም።»

ሹፌሩ የቀለደ መስሎት ትከሻውን መታ አደረገው። እንዳልቀለደ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። እህቱ ግን «ምን አለበት፣ ሰው ፊት ነው፣ ይፈራል» ብላ ባሏን እጁን ይዛ ወደ ሰልፉ ጭራ ወሰደችው። ቆይቶ ወደ ውስጥ እንደሚጠራት እርግጠኛ ነበረች።

ዘበኛው ግን ውስጥ የሚያውቀው ሰላምታ ብቻ ነው። ከሐኪሞቹ ሁሉ ስትገባም ስትወጣም «ደህና ዋልክ?» የምትለው አንዲት ወጣት የማሕፀን ሐኪም ነበረች፤ የእህቱ ተራ ሲደርስ በአጋጣሚ የደረሰችው እሷ ጋ ነው። ሐኪሟ አልቸኮለችም። አልጋ ላይ አስተኝታ በአልትራሳውንድ አየቻት፣ ደሟን አስመረመረች፣ ከዚያ ዘበኛውን አስጠራችው።

«ዕጢ ነው። መልኩ ክፉ አይመስልም፤ ግን ደም ጨርሳለች። ደም ይሰጣትና ኦፕራሲዮን ትሆናለች። የሚድን ነገር ነው፣ ጋሼ።»

እህትና ወንድም ተያዩ። እህቱ ሳቀች። «አላልኳችሁም? ወንድሜ እያለ!»

«መቼ ነው የሚሠራላት?» አለ ዘበኛው።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለች። ማደንዘዣ የሚሰጡ ሁለት ባለሙያዎች ነበሩ፤ አንደኛው በቅርቡ ወደ ግል ሆስፒታል ሄደ። የቀረው አንድ ሰው ምጥ ጠንቶባቸው ለሚመጡት እንኳ አይበቃም። ቀጠሮ ያላቸው ሁሉ ወደ ኋላ ተገፍተዋል። ሁለት ከረጢት ደም ሰጥተው፣ የብረት ክኒን ጽፈው፣ ከወር በኋላ ቀጥረው ወደ ቤቷ ሰደዷት። ክኒኑም የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ውስጥ አልነበረም።

ዘበኛው ያን ዕለት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የዳይሬክተሩ ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆመ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለራሱ ጉዳይ እዚያ ሲቆም የመጀመሪያው ነው። ዳይሬክተሩ ሊወጣ ሲል አገኘውና እያረጋጋ አናገረው።

«ስማ፣ አንተ እኮ የቤት ልጅ ነህ። ችግሩን ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። አንተ እንዲህ ካስጨነቅኸን የውጪው ሰው ምን ይበል?»

«እህቴ ናት፣ ጌታዬ። ያሳደገችኝ ናት።»

«ገብቶኛል። ቀጠሮዋን በትዕግሥት ትጠብቅ።»

የቤት ልጅ መሆኑ የረዳው በዚህ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ጮሆ ይሄዳል፣ እሱ ግን መጮህ እንኳ አልተፈቀደለትም። ለቤተሰቡ ይህን ሲነግራቸው ሹፌሩ «ላም አለኝ በሰማይ!» አለና ከቤት ወጣ።

የቀጠሮዋ ቀን ደረሰ። ልጇ አዲስ አንሶላ ገዝታ፣ እህቱም የራሷን የሌሊት ልብስ ሰፍታ መጡ። ጠዋት ላይ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ውሃ የለም። ኦፕራሲዮን የለም» አለችው። መስመሩ ፈንድቶ ነበር። ዘበኛው ቃሉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሌላ ቀን ቢሆን ቃሉ ከአፉ ይወጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን አብሮት በሩን ለሚጠብቀው ዘበኛ በጆሮው ነግሮ ዞር አለ። የነገራቸው ሌላኛው ዘበኛ ነው። ሕዝቡ ተንጫጫ፣ ወደ በሩ ተገፋ፣ የጥበቃ አለቃው ከውስጥ «ዝጋው!» ብሎ ጮኸ። ዘጋው። እህቱ ከብረቱ ወዲያ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ አንሶላዋን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መስታወቱ የጠቆረ መኪና መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። አለቃው ደግሞ ከውስጥ «ክፈትለት!» አለ። ከፈተለት። መኪናው ገባ። መልሶ ዘጋው።

በውስጡ የነበሩት የፈነዳውን መስመር ሊያዩ የተላኩ ሰዎች ናቸው። ይህን ግን የሚያምን ማን አለ? «አያችሁ? ለባለሥልጣን ውሃው ይመጣል!» አለ አንዱ። «ለእነሱ ሚስት ቢሆን ይቆያል?» አለ ሌላው። ሹፌሩ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊቱን አስጠጋ።

«አንተ! የሌላውን መኪና ታስገባለህ፣ ያሳደገችህን ሜዳ ላይ ታስቀምጣለህ?»

«የውሃ ሠራተኞች ናቸው። በእናትህ፣ ስማኝ...»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ! ባል የሆንከው ለዚህ በር ነው፤ ለእኛማ ምናችንም አይደለህ!»

ሰልፉ ሳቀ። ይህ ዘበኛ ዘመዶቹ እንኳ እንደጠሉት ሲያዩ ደስ ያላቸውም ነበሩ።

«ተወው» አለች እህቱ ከተቀመጠችበት። «አትጩህበት። እንጀራው ነው።»

ማታ ሊጠይቃት ሄደ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ እጁን ያዘችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ለእኔ ብቻ ንገረኝ። ማን ነበር መኪናው ውስጥ?» አለችው።

«የውሃ ሠራተኞች።»

«እሺ» አለች።

እሺታዋን ያውቀዋል። ልጅ ሳለ ስኳሩን እሱ እንዳልላሰው ሲምልላት የምትለው እሺ ነው።

ለአዲስ ቀጠሮ ቀን ሳይቆረጥላት ደሙ በአንድ ጠዋት ግድቡን ጣሰ። ልጇ በታክሲ ይዛት ስትመጣ ዘበኛው በሩን በርግዶ ራሱ ተሸክሟት ገባ። ማንም አልከለከለውም፤ ማንንም ቢሆን አይከለክሉም ነበር። ደም ባንኩ ውስጥ የእሷ ዓይነት ደም አልተገኘም። የእሱ አልገጠመም። የልጇ ገጠመ፣ ግን ልጅቱ ነፍሰ ጡር መሆኗን ያን ዕለት ተናገረችና አትሰጥም አሏት። ሹፌሩ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። ዘበኛው ወደ በሩ ሮጦ ለሰልፉ ጮኸ፤ «ደም የሚሰጥ! ለእህቴ ደም የሚሰጥ ሰው!» ሰዎቹ ተያዩ። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ለጎረቤቷ አስይዛ ወጣች፣ አንድ ተማሪም ተከተላት። ቀሪው ቆሞ ቀረ። «ወስደው ይሸጡታል» ሲልም አንዱን ሰማው። የሴትየዋ ደም ገጠመ። ግን እስኪመረመር፣ እስኪቀዳ ድረስ እህቱ አልጠበቀችም።

ወጣቷ ሐኪም ኮሪደሩ ላይ ጓንቷን እንዳደረገች ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። ዘበኛው አጠገቧ ቆመ። ማጽናናት የነበረበት ማን እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም።

«ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ...» አለች ሐኪሟ።

«ቀደም ብላ ብትመጣ ምን? ማደንዘዣ የሚሰጥ ነበር?» አለ፤ በቁጣ ሊላት ፈልጎ ነበር፣ ድምፁ ግን እንደ ጥያቄ ወጣ።

«ባለፈው ዓመት ሁለቱም ነበሩ፣ ጋሼ። አልጋም ነበረን። ያኔ ብትመጣ በሳምንቷ እንሠራላት ነበር።»

ባለፈው ዓመት እህቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እሱን እየቆጠበች ነበር።

ለቅሶ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆማል፤ ሲወጣ ይቀጥላል። «ወንድሟ እኮ እዚያው ነው የሚሠራው!» «በር ዘጋባት አሉ።» «ሰው ያለው እንዲህ ከሆነ እኛማ አለቀልን።» ሹፌሩ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አላየውም። ሁሉም ከተበተነ በኋላ የእህቱ ልጅ ወደ ጓዳ ጠራችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር እውነቱን ንገረኝ። ሰው አልነበረህም? ወይስ አልለመንክልንም?»

«ሰው አልነበረኝም፣ ልጄ። ኖሮኝም አያውቅም።»

«ሰው የሌለው ሰው እዚያ በር ላይ ይህን ያህል ዘመን አይቆምም» አለችና ሰሃኖቹን ወደ ማጠቡ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ ከሕዝብ ጋር ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ሞላ። ሰዎች ተራ በተራ እየተነሡ ተናገሩ፤ መድኃኒት የለም፣ ማሽን አይሠራም፣ ሐኪም አይገባም። መድረክ ላይ ያሉት እየጻፉ አንገታቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ከሁሉ በላይ ያስመረሩን ዘበኞቹ ናቸው! ፊታቸው አይፈታም፣ ዘመዳቸውን ያስገባሉ፣ እኛን ያባርራሉ!» አሉ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ዳይሬክተሩ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በራ። ማደንዘዣ ሰጪ ማምጣት አይችልም፤ ዘበኛ መቀየር ግን ይችላል። «በዚህ ጉዳይ አስቸኳይ እርምጃ እንወስዳለን» አለ፤ ደግመው አጨበጨቡለት። ዘበኛው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ውሸታም አልነበሩም። ያዩትን ነው የተናገሩት።

በሳምንቱ ወደ ጓሮው በር አዛወሩት። በዚያ የልብስ ማጠቢያው ጋሪ፣ የቆሻሻ መኪና፣ አልፎ አልፎም ሬሳ ይወጣል። ማንም አይጨቃጨቅበትም። በዋናው በር ላይ ሁለት ወጣቶች ተተኩ፤ ፈገግታ የተሰኘ ሥልጠና ወስደው ካርድ ማለቁን እየሳቁ ይናገራሉ።

የእህቱ ልጅ ሆድ ገፋ። ክትትል እንደማትሄድ ከሚስቱ ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ እቤቷ ሄደና በሩ ላይ ቆሞ ለመናት።

«ልጄ፣ እኔን ጥዪኝ። ግን ክትትል ጀምሪ። የእናትሽ ነገር እንዳይደገም።»

«እናቴ ሄዳ ምን አገኘች?»

«ዘግይታ እኮ ነው የሄደችው።»

«አንተን ተማምና ነዋ የዘገየችው» አለችው። ነገሩን ሁሉ እንደምታውቀው ያኔ ገባው። ወጣቷ ሐኪም እንኳ ባለፈው ወር ለቃለች፤ ወደ እሷ ይዤሽ ልሂድ እንዳይላት እሷም የለችም።

እቤቷ ወለደች፤ አንዲት ጎረቤት አዋለደቻት። እናትም ሕፃንም ደህና ሆኑ። ሚስቱ እየጎተተች ወሰደችው። ክፍሉ በሴቶች ተሞልቶ ነበር፤ ሹፌሩም አልጋው ራስጌ ተቀምጦ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እየሳቀ፣ «ይኸው! ያለ ካርድ፣ ያለ ወረፋ፣ ያለ ነርስ ቁጣ!» ይላል። ሕፃኗን እጁ ላይ አደረጉለት። እውነተኛ ደስታ ተሰማው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

አጠገቡ ሆዷ የገፋ አንዲት የሰፈር ልጅ ተቀምጣ ነበር። እግሯ አብጦ ጫማዋን አውልቃለች፤ ፊቷም አብጧል፤ ራሷን ደጋግማ ትነካለች። «እኔም ወስኛለሁ። እዚሁ ነው የምወልደው» አለች። ሴቶቹ «ጎበዝ!» አሏት።

ዘበኛው እንዲህ ያበጠ ፊት ያላቸው፣ ራሳቸውን የሚያማቸው እርጉዞች በዋናው በር በቃሬዛ ሲገቡ ብዙ ጊዜ አይቷል። አፉን ከፈተ። ሹፌሩ ሳቁን አቁሞ አየው። ሴቶቹም አዩት፤ ከሆስፒታል የመጣ ሰው ምን ሊል ነው ብለው።

«በሰላም ያገላግልሽ» አላት፤ ሕፃኗንም ለእናቷ መለሰ።